የእርሾው ጥያቄ፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከምንጩ ሲገነባ የሚታመነው ማን ነው?

እንጀራ የምትጋግር እናት ጤፉን አስፈጭታ፣ ዱቄቱን ነፍታ፣ ውኃውን ለክታ ብትጨርስም አንድ ነገር ከጎደላት ሊጡ አይነሳም፤ እርሾ። እርሾው ደግሞ ከባለፈው ሊጥ የተረፈ ነው። የባለፈውም ከዚያ በፊት ከነበረው። በቤት ካለቀ ከጎረቤት ይለመናል፤ የጎረቤቷም ከሌላ ጎረቤት የመጣ ነው። የመጀመሪያው እርሾ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። እንጀራው እስካማረ ድረስ የሚጠይቅም የለም።

የኮምፒውተር ዓለም ግን ይህንን ጥያቄ ለመጠየቅ ተገዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራመር የሚጽፈው ሶርስ ኮድ ሰው አንብቦ የሚረዳው ጽሑፍ ነው። ማሽኑ ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ አይረዳም። ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ሊቀይርለት ይገባል። ኮምፓይለሩም ራሱ ፕሮግራም ነው፤ እሱንም የገነባው ከእሱ በፊት የነበረ ኮምፓይለር ነው። ያኛውንም ሌላ። እርሾ ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ "ኦፕን ሶርስ" ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ኮዱ ለሁሉም ክፍት መሆኑን ነው። ጥሩ። ግን ስልኩ ላይ ወይም ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም በእርግጥ ከዚያ ክፍት ኮድ የተገነባ መሆኑን ሰው በምን ያውቃል? ይህ ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩ የሚጀምረው በሕግ፣ በቴፕና በጥቂት ተማሪዎች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. በቴፕ የተጓዘው ኮድ

በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የተባሉ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች ዩኒክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጀመሩ። በ1973 ሪቺ በፈጠረው የሲ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአብዛኛው የሚጻፈው ለአንድ ዓይነት ማሽን፣ በዚያው ማሽን ቋንቋ ነበር። ማሽኑ ሲያረጅ ሥራውም አብሮ ያረጃል። በሲ የተጻፈ ሲስተም ግን ለአዲሱ ማሽን የሚሆን ኮምፓይለር ከተገኘ ሊሻገር ይችላል።

የቤል ላብስ ባለቤት የነበረው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው የፍርድ ቤት ስምምነት ከቴሌኮም ውጪ በሆነ ንግድ እንዳይሰማራ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ መሸጥ አልቻለም። ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ዋጋ፣ ከነሶርስ ኮዱ በፈቃድ ይሰጣቸው ጀመር። አንድ የንግድ ክልከላ ሳያስበው ለአንድ ትውልድ ትምህርት ቤት ከፈተ ማለት ነው።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱ ነበር። በ1975 ቶምሰን ራሱ ወደተማረበት በርክሌይ ለአንድ ዓመት ሊያስተምር ሄደ። በዚያው ዓመት ቢል ጆይ የሚባል ተማሪ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ገባ። ጆይና ጓደኞቹ ኮዱን እያነበቡ ያሻሽሉ፣ ያሻሻሉትንም በቴፕ እየገለበጡ ለሌሎች ይልኩ ጀመር። በ1978 የወጣው የመጀመሪያው "የበርክሌይ ሶፍትዌር ስርጭት" ሠላሳ ያህል ቅጂ ብቻ ነበር የተላከው። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ቢኤስዲ የሚባለው ይህ ነው። በ1983 የወጣው 4.2 ቢኤስዲ ግን ዛሬ ኢንተርኔት የሚሠራበትን የቲሲፒ/አይፒ ኔትወርክ ኮድ ይዞ ስለመጣ በመላው ዓለም ተፈላጊ ሆነ።

በዚያ ዘመን ሲስተም መቀበል ማለት ኮድ መቀበል ማለት ነበር። ቴፑ ሲደርስ አስተዳዳሪው ኮዱን ለራሱ ማሽን ያስተካክላል፣ ይገነባል፣ ስህተት ካገኘም ያርማል። ተጠቃሚውና ሠሪው ብዙም አይራራቁም ነበር።

፪. የቶምሰን ማስጠንቀቂያ

ቶምሰንና ሪቺ በዩኒክስ ሥራቸው የ1983ን የቱሪንግ ሽልማት አገኙ፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ቶምሰን ሽልማቱን ሲቀበል ያደረገውና በ1984 የታተመው ንግግር ግን የምስጋና ንግግር አልነበረም። አድማጮቹን የሚያስደነግጥ ነገር ነገራቸው።

እንዲህ አስቡት አለ፤ በጥቅሉ። አንድ ሰው ኮምፓይለሩን ይነካካል። ኮምፓይለሩ የተጠቃሚን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ፕሮግራም ሲገነባ ለይቶ እንዲያውቀውና አንድ የምስጢር ይለፍ ቃል ጨምሮ እንዲገነባው ያደርገዋል። ይህ ብቻ ቢሆን የኮምፓይለሩን ሶርስ ኮድ የሚያነብ ሰው ይደርስበታል። ስለዚህ ሁለተኛ ተንኮል ይጨመራል፤ ኮምፓይለሩ ራሱን ሲገነባም ያውቃል፣ ሁለቱንም ተንኮሎች መልሶ ያስገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ተንኮሉ ከሶርስ ኮዱ ላይ ይሰረዛል። ኮዱን ማንም ቢያነብ ንጹሕ ነው። ከንጹሑ ኮድ አዲስ ኮምፓይለር ቢገነባም በሽታው ይተላለፋል። ምክንያቱም የሚገነባው አሮጌው፣ የተበከለው ኮምፓይለር ነው።

ዱቄቱ ንጹሕ ነው። ውኃው ንጹሕ ነው። የተበላሸው እርሾው ነው።

የቶምሰን መደምደሚያ መራራ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ራስህ ያልሠራኸውን ኮድ ማመን አትችልም፤ ሶርስ ኮድ ብቻ መመርመርም አያድንህም። ንግግሩ ለብዙ ዓመታት በየዩኒቨርሲቲው ሲነበብ ኖሯል። አብዛኛው አንባቢ ግን ተገርሞ አለፈው። መልስ ለመፈለግ የተነሱት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

፫. ስድስቱ ፋይሎች

በዚህ መካከል ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ኮዱ የማን ነው? በ1984 ኤቲ ኤንድ ቲ ሲከፋፈል ንግዱን ያሰረው ክልከላ ተነሳለት። የዩኒክስ ፈቃድ ዋጋም ይወደድ ጀመር። ቢኤስዲን የሚፈልግ ሁሉ በውስጡ የቤል ላብስ ኮድ ስላለበት መጀመሪያ ለኤቲ ኤንድ ቲ መክፈል ነበረበት።

በርክሌይ በሰኔ 1989 ራሱ የጻፈውን የኔትወርክ ክፍል ብቻ ለይቶ በነፃ ፈቃድ አወጣ። ቴፑ 1,000 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ የገዛው ግን ለፈለገው ሰው ገልብጦ መስጠት ይችላል። ከዚያ ኪት ቦስቲክ የሚባል የቡድኑ አባል ለምን ሙሉውን ሲስተም ነፃ አናደርገውም ብሎ ተነሳ። ባልደረቦቹ ማይክ ካረልስና ኪርክ ማኩሲክ ነገሩ የማይሆን መስሏቸው ነበር። ፕሮግራሞቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸውና።

ቦስቲክ ያደረገው የዕድርና የደቦ ባህል ላለው ሰው እንግዳ አይደለም። በየስብሰባውና በኔትወርክ ጥሪ አቀረበ። ፈቃደኛ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ፕሮግራም ይወስዳሉ፤ የኤቲ ኤንድ ቲን ኮድ ሳያዩ፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ የሚገልጸውን የታተመ መመሪያ ብቻ ይዘው ከባዶ ይጽፋሉ። ክፍያቸው ስማቸው ከሥራው ጎን መጻፉ ነበር። በ18 ወር ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል ተጽፈው አለቁ። ከዚያ ሦስቱ ሰዎች ቁጭ ብለው የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ፋይል በፋይል አበጠሩት። ያልተቻሉት ስድስት ፋይሎች ብቻ ነበሩ። የቀረው በሰኔ 1991 ወጣ።

ስድስቱን ፋይሎች ቢል ጆሊትዝ የሚባል ፕሮግራመር ጽፎ ሞላቸው። 386 ቢኤስዲ ተብሎም በ1992 በተራ የግል ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሙሉ ሲስተም ሆነ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ይህንኑ ኮድ ይዞ ንግድ የጀመረ ኩባንያ ተከሰሰ፤ ክሱም ወደ ዩኒቨርሲቲው ዘለቀ። ጉዳዩ እስከ ጥር 1994 ቆይቶ በስምምነት ሲያልቅ ከ18,000 ገደማ ፋይሎች እንዲወጡ የተደረጉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሌሎች ጥቂቶች በትንሹ ተስተካከሉ፤ ሰባ ያህሉ ላይም የባለመብት ማስታወቂያ ተጨመረ። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ክርክር። ግን በእነዚያ ዓመታት ብዙ ድርጅት ክሱን ፈርቶ ከቢኤስዲ ራቀ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ሊኑክስ ሜዳውን ያገኘው በዚህ ክፍተት ነው። ቶርቫልድስ ራሱም በዚያን ጊዜ 386 ቢኤስዲ ቢኖር ኖሮ ሊኑክስን ላይጀምረው ይችል እንደነበር ተናግሯል።

የበርክሌይ ቡድን በ1995 የመጨረሻውን ሥራ አውጥቶ ተበተነ። ልጆቹ ግን ቀደም ብለው ተወልደው ነበር፤ ኔትቢኤስዲና ፍሪቢኤስዲ በ1993። ኦፕንቢኤስዲም በ1995 ተከተለ።

፬. ጓዳውን ማደራጀት

ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ሥራ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሊኑክስ ፕሮጀክት የሚያወጣው ከርነሉን ብቻ ነው። የቀረውን ከየቦታው ሰብስበው አንድ ሲስተም የሚያደርጉት እንደ ዴቢያን ያሉ አሰናጆች ናቸው። የቢኤስዲ ልጆች ከበርክሌይ የወረሱት ልማድ ግን ሌላ ነው። ከርነሉ፣ ላይብረሪዎቹ፣ ትዕዛዞቹ፣ መመሪያዎቹ ሁሉ በአንድ የኮድ ዛፍ ውስጥ ይቀመጣሉ። መሠረታዊ ትዕዛዞች በአንድ ማህደር፣ የአስተዳዳሪው መሣሪያዎች በሌላ፣ ላይብረሪዎች በሌላ፣ ከርነሉ በራሱ። ሥርዓት ያለው ጓዳ ማለት ነው፤ በርበሬው የት እንዳለ፣ ሽሮው የት እንዳለ እንግዳ ሰው እንኳ ገብቶ ያገኘዋል።

ሥርዓቱ ለውበት ብቻ አይደለም። ሙሉው ሲስተም በአንድ ዛፍ ውስጥ ሲሆን ሙሉው ሲስተም በአንድ ትዕዛዝ ሊገነባ ይችላል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ትዕዛዙ "ዓለምን ገንባ" እንደማለት ነው። ቅደም ተከተሉም ትምህርት አለው። አዲሱን ሲስተም በአሮጌው መሣሪያ በቀጥታ አይገነባም። መጀመሪያ በማሽኑ ላይ ባለው አሮጌ ኮምፓይለር አዲሱን ኮምፓይለርና አስፈላጊ መሣሪያዎችን ይገነባል። ከዚያ በአዲሶቹ መሣሪያዎች የቀረውን ዓለም ይገነባል። በቀጥታ ቢሞከር አሮጌው መሣሪያ አዲሱን ኮድ ላይረዳው ይችላል፤ ወይም የአሮጌው ሲስተም ቅሪት ሳይታወቅ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል።

ኔትቢኤስዲ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ሄደ። ፕሮጀክቱ ሲስተሙን በርካታ የማሽን ዓይነቶች ላይ የማሠራት ዓላማ ነበረው። ከእነዚህ ብዙዎቹ አሮጌና ደካማ ስለሆኑ በራሳቸው ላይ ሲስተሙን መገንባት ረጅም ጊዜ ይፈጃል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣው የግንባታ ስክሪፕት ይህንን ፈታው። በሊኑክስም ሆነ በሌላ ዩኒክስ መሰል ማሽን ላይ፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሳያስፈልግ፣ በአንድ ትዕዛዝ የራሱን መሣሪያዎች ገንብቶ ለሌላ ዓይነት ማሽን የሚሆን ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያወጣል። በጎረቤት ምጣድ ለራስ ቤት እንደ መጋገር ነው።

ይህንን ሥራ የሠሩት ሰዎች ስማቸው ብዙም አይነሳም። አዲስ ነገር ፈጠሩ የሚላቸውም የለም። ማህደር አስተካከሉ፣ የግንባታ ደንብ ጻፉ፣ የተሰበረውን ጠገኑ። ግን የቶምሰንን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገው መሠረት የተጣለው በዚህ አሰልቺ ሥራ ነው። ግንባታው ሥርዓት ከሌለው ማንም መድገም አይችልም፤ ሊደገም ያልቻለ ነገር ደግሞ ሊመረመር አይችልም።

፭. ሁለት ቤት የተጋገረ አንድ እንጀራ

የቶምሰንን እንቆቅልሽ የሚፈታ ተግባራዊ ዘዴ ዴቪድ ዊለር የተባለ ተመራማሪ በ2005 አቀረበ፤ በ2009ም በመመረቂያ ጽሑፉ አስፋፍቶ አሳየው። ሐሳቡ ሲታይ ቀላል ነው። የሚጠረጠረውን ኮምፓይለር ሶርስ ኮድ ውሰድ። ከእሱ ጋር ዝምድና በሌለው ሌላ ኮምፓይለር ገንባው። በተገኘው ውጤት ደግሞ ያንኑ ኮድ እንደገና ገንባ። የመጨረሻው ውጤት የሚጠረጠረው ኮምፓይለር ራሱን ሲገነባ ከሚሰጠው ጋር ባይት በባይት አንድ ከሆነ ተንኮል የለም። ካልሆነ አንድ ነገር አለ። ሁለት የማይተዋወቁ ቤቶች እርሾ በአንድ ዓይነት መርዝ ሊበከል የሚችልበት ዕድል በጣም ትንሽ ነውና።

ለዚህ ግን አንድ ነገር መሟላት አለበት፤ ያው ኮድ፣ በያው መሣሪያ ሲገነባ፣ ያንኑ ውጤት መስጠት ይኖርበታል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ይመስላል፤ አልነበረም። የግንባታው ቀንና ሰዓት ፕሮግራሙ ውስጥ ይጻፋል። የገንቢው የማህደር ስም ይገባል። ፋይሎቹ የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ከማሽን ማሽን ይለያያል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንዱን ኮድ ገንብተው ውጤቱን ቢያነጻጽሩ ልዩነት ያገኛሉ፤ ልዩነቱ ከሰዓት ይምጣ ከሌባ ግን መለየት አይችሉም።

በ2013 የዴቢያን ሰዎች ይህንን ለማጽዳት ዘመቻ ጀመሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቅሎችን አንድ በአንድ ሁለት ጊዜ መገንባት፣ ማነጻጸር፣ የልዩነቱን ምክንያት መፈለግ፣ ማረም። ሌሎች ፕሮጀክቶችም ተከተሉ። ኔትቢኤስዲ በ2017 ሙሉ ሲስተሙ በተደጋጋሚ ሲገነባ ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሁሉም ነገር በአንድ ዛፍ፣ በአንድ ስክሪፕት ስለሚገነባ ጓዳውን ቀድሞ ማደራጀቱ እዚህ ላይ ፍሬውን ሰጠ።

በ2023 ደግሞ የጊክስ ፕሮጀክት ሰዎች የእርሾውን ሰንሰለት እስከ መነሻው ለመውረድ ሞከሩ። ከ357 ባይት ብቻ ከሆነ አንድ ዘር ተነስተው፣ ትንሹ ፕሮግራም ከእሱ ከፍ ያለውን እየገነባ፣ ያም ሌላውን እየገነባ፣ ዛሬ ብዙ የዓለም ሶፍትዌር የሚገነባበት የጂሲሲ ኮምፓይለር ድረስ ደረሱ። 357 ባይት ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ሊመረምረው የሚችለው መጠን ነው። ሥራውን የሚመሩ ረዳት ፕሮግራሞች አሁንም ተዘጋጅተው የሚመጡ ስለሆኑ ጉዞው አላለቀም። ግን ዱቄትና ውኃ ብቻ ይዞ፣ ቀናት ጠብቆ፣ አዲስ እርሾ ከባዶ ማስነሳት እንደሚቻል ታይቷል።

፮. ግማሽ ሰከንድ

ይህ ሁሉ የጥቂት ጠርጣሮች ጭንቀት ነው የሚል ካለ መጋቢት 2024ን ያስታውስ።

አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ በሌላ ሥራ ላይ እያለ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል። እሱ ግን ተከታተለው፤ ኤክስዜድ ወደሚባል የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር አደረሰው። በአዲሶቹ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሰርቨርን ለባዕድ የሚከፍት የጓሮ በር ተቀብሮ ነበር። ያስገባው ሰው በአንድ ስም ተሸሽጎ ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዝ፣ እምነት ሲገነባ የቆየ ነው።

ልብ ይባል፤ ኮዱ ክፍት ነበር። ሁሉም ሰው ሊያየው በሚችለው ማከማቻ ውስጥ ግን ተንኮሉን የሚያስነሳው መስመር አልነበረም። መስመሩ የተጨመረው ታሽጎ በሚሰራጨው የኮድ ጥቅል ውስጥ፣ ያውም በግንባታ ስክሪፕቱ ላይ ነው። ማለትም ማንም ገልጦ በማያነበው የምግብ አሠራሩ ወረቀት ላይ። ተመሳሳይ ውጤት መገንባት ብቻውንም ይህንን አይዝም ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የተበከለውን ጥቅል ወስዶ ቢገነባ ሁሉም ያንኑ የተበከለ ውጤት ያገኛል። ስለዚህ ከጉዳዩ በኋላ የተነሳው ጥያቄ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ የምንገነባው ጥቅል ራሱ ሁሉም ሰው ከሚያየው ማከማቻ ጋር አንድ ነው ወይ?

የጓሮ በሩ የተያዘው በብዙ ሲስተሞች የተረጋጋ እትም ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ያተረፈው ግማሽ ሰከንድና የአንድ ሰው ጥርጣሬ ነበር።

ለማጠቃለል

ከበርክሌይ ቴፕ እስከ ኤክስዜድ ያለው ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። ኮድ ክፍት መሆኑ ግማሽ መንገድ ነው። ቀሪው ግማሽ ያንን ኮድ ወስዶ፣ በራስ እጅ ገንብቶ፣ ያንኑ ነገር ማግኘት መቻል ነው።

"ታዲያ ሁሉም ሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊገነባ ነው?" የሚል ይኖራል። የለበትም። ከተማ ውስጥ እንጀራ ገዝቶ የሚበላ ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤት ቆሞ አያስፈጭም። ግን ወፍጮ ቤቱ በሩ ክፍት መሆን አለበት፤ ከሚገቡት መካከልም እህሉን እፍኝ አድርጎ የሚያይ ሰው መኖር አለበት። የአንዱ ማየት ላላየው ሁሉ ይጠቅማል። ማንም ሊያይ እንደማይችል የታወቀ ዕለት ግን አሸዋ የሚቀላቅለው አይጠፋም።

ይህንን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ የሚያነብ ሰው እጁ ላይ ያለው የሊኑክስ ከርነል ነው። መልእክቱ ያለፈባቸው ማሽኖችም ብዙዎቹ ከዚህ ታሪክ የወጡ ናቸው። ኮዱን የጻፉት ዝነኞች ይመሰገናሉ፤ ይገባቸዋልም። ግን ማህደሩን ያደራጁት፣ ስክሪፕቱን የጻፉት፣ ሁለት ጊዜ ገንብተው ያነጻጸሩት ሰዎችም አሉ። ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ስም የሚሠሩ ናቸው። የኤክስዜድ ጠባቂም ለዓመታት ብቻውን የደከመ አንድ ሰው ነበር፤ አታላዩ ሊገባ የቻለውም በዚያ ድካም በኩል ነው።

ጓዳው ውስጥ ያለችውን ሰው ማንም አይጠይቃትም። እርሾውን የምትጠብቀው ግን እሷ ናት።